ሲያንስም ሲበዛም የሚጎዳ መከላከያ



እዚህ አዳራሽ ውስጥ የላይኛው ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለባችሁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ። በዕድሜ ጠና ያላችሁት ሁለት ሊኖራችሁ ይችላል። ሰፋ ያለችው የፈንጣጣ ክትባት ናት፤ በሽታው ከዓለም ስለጠፋ ልጆቻችሁ እሷን አያውቋትም። ትንሿ ግን የቲቢ መከላከያው ክትባት የቢሲጂ ናት፤ ዛሬም ሕፃናት እንደተወለዱ ይከተቧታል። ነርሷ ከሚሊሊትር አንድ ሃያኛ የምትሆን ጠብታ በቆዳው ሽፋን መሀል ታስገባለች። ለጊዜው ምንም አይታይም። ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ቦታው ቀላ ብሎ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይፈርጣል፣ መግል ይቋጥራል። ይሄኔ ነው እናቶች «መርፌው አመረቀዘበት» ብለው ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጡት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ምንም እንዳትቀቢበት፣ አትሸፍኚው፣ ራሱ ይድናል።» በሁለትና በሦስት ወር ይደርቅና ጠባሳው ይቀራል።

እዚያች ቦታ ላይ የሆነውን ልብ በሉልኝ። የተዳከሙ ነገር ግን በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ገቡ። ሰውነት ለሁለት ሳምንት ያህል ያላያቸው መሰለ። ከዚያ ድንገት ነቃና ወታደሮቹን አዘመተ። ባክቴሪያው ተገታ፤ ቆዳውም አብሮ ቆሰለ። ማታውን የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በዚያች ጠባሳ ውስጥ በትንሹ ተፈጽሟል፤ መዘግየቱም፣ መክበቡም፣ የራስን ሥጋ መጉዳቱም።

ሰው ሐኪም መሆኔን ሲሰማ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ «በሽታ የመከላከል አቅሜ ከፍ እንዲል ምን ልውሰድ?» በኮሮና ጊዜማ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ፌጦው፣ ማሩ ዋጋው አልቀመስ ብሎ ነበር። እኔ ከእነዚህ ጋር ጠብ የለኝም፤ ዝንጅብል ያለበት ሻይ እወዳለሁ። ጥያቄው ግን የተሳሳተ ሐሳብ ተሸክሟል። መከላከያችን አንድ ወጥ ኃይል እንደሆነና በጨመረ ቁጥር ጤናችን እንደሚጨምር አድርጎ ያስባል። ይህን ሐሳብ እንደ ቲቢ አፍርሶ የሚያሳይ በሽታ አላውቅም። ቲቢ መከላከያው ያነሰበትን ሰው ይገድላል፤ የበዛበትንም ሳንባውን ቦርቡሮ ይገድላል።

ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ለባልደረቦቹ የነገረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ላይ የሚውለው የዓለም የቲቢ ቀን መነሻው ይህ ነው። ባሲል የሚባለው ይህ ባክቴሪያ ሁለት ጠባይ አለው፤ ሁለቱንም ያዙልኝ። አንደኛው ዝግታው ነው። አንጀታችን ውስጥ ያሉ የተለመዱ ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የቲቢው ግን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሁለተኛው ልባሱ ነው፤ ሰም በመሰለ ወፍራም ቅባት ተጠቅልሏል፤ ቀለም በቀላሉ አይዘልቀውም፣ አሲድም ሆነ ድርቀት ቶሎ አይበግረውም።

የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር ከአፉ የሚወጡት ትላልቆቹ ጠብታዎች ወዲያው መሬት ይወድቃሉ፤ ቢተነፈሱም አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይያዛሉ። አደገኞቹ ደቃቆቹ ናቸው። ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶኛ እጅ የማይበልጡት እነዚህ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ ሲተነፈሱም እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳሉ። ሚኒባስ ውስጥ «ብርድ ገባ፣ መስኮቱን ዝጉት» የሚል ተሳፋሪ መቼም አይጠፋም፤ ይህን ስታስቡ ክርክሩን በአክብሮት ብትቀጥሉ ደስ ይለኛል።

ከረጢቱ ውስጥ የሚጠብቀው ማክሮፌጅ የሚባል ትልቅ ሴል ነው። ሥራው ከአየር ጋር የገባውን አቧራና ጀርም መዋጥ ነው። የዋጠውን በትንሽ ከረጢት ይዞ አሲድና ሰባሪ ኢንዛይም ከሞላበት ሌላ ከረጢት ጋር ያገናኘዋል፤ አብዛኛው ባክቴሪያ እዚያ ያልቃል። የቲቢው ባሲል ግን ይህ ግንኙነት እንዳይፈጸም ያግዳል። አሲዱ ሳይደርስበት እዚያው ይቀመጣል፤ ቀስ እያለ ይባዛል። በኋላም ኢሳት-6 የሚባለውንና መሰል ፕሮቲኖችን አሠማርቶ የታሠረበትን ከረጢት ይበሳል፤ ሴሉን ገድሎም ይወጣል። የሞተውን ሊያነሡ የመጡት ሌሎች ማክሮፌጆች ደግሞ ባሲሉን ከሬሳው ጋር ይውጡታል። ሊያጠፋው የተላከው ሁሉ መኖሪያው ይሆናል።

የክንዳችን ክትባት ለምን እንደማይገድለን የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። አልበር ካልሜትና ካሚል ጌራን የተባሉ ፈረንሳውያን የከብት ቲቢ ባሲልን በድንች፣ በሐሞትና በግሊሰሪን ላይ እያሳደጉ ከ1908 እስከ 1921 ድረስ 230 ጊዜ አዘዋወሩት። በዚያ ሁሉ ትዕግሥት መሀል ባሲሉ መብሻ ፕሮቲኖቹን የሚሠራበትን የዘረ መል ክፍል ጣለ። ምን እንደጣለ እነሱ አያውቁም ነበር፤ ያወቅነው ዘረ መሉ ሲነበብ፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንምጣ። መከላከያችን ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ እንደ ማክሮፌጅ ያለው፣ የመጣውን ሁሉ ሳይለይ የሚገጥመው ነው። ሁለተኛው ጠላትን በመልኩ ለይቶ የሚያውቀውና የሚያስታውሰው፣ ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉት ናቸው። ቲ ሴሎች ስለ ባሲሉ የሚማሩት ሳንባ ውስጥ አይደለም፤ ንፍፊት ውስጥ ነው። የባሲሉን ቁራጭ ይዞ ከሳንባ ወደ ንፍፊት የሚጓዝ ሌላ ሴል አለ። ጉንፋን ሲሆን ይህ ጉዞ በጥቂት ቀናት ያልቃል። በቲቢ ግን ባሲሉ የያዘውን ሴል ስለሚያዘገይ ተላላኪው በጊዜ አይደርስም። ሰው ባሲሉን ከተነፈሰ በኋላ ቲ ሴሎቹ መንቃታቸው በምርመራ የሚታወቀው ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ዘገምተኛ ባሲል ያለ ተቀናቃኝ ተባዝቷል።

በነገራችን ላይ፣ ባሲሉ ንፍፊት ድረስ ተሸክሞ የሚወስደው አግኝቶ እዚያው የሚቀርበት ጊዜ አለ። በሀገራችን ይህ ብዙ ነው፤ ለቲቢ ከሚታከሙት ሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት በሽታቸው ከሳንባ ውጭ ነው፤ ከእነዚህም መካከል አንገት ላይ ወይም ብብት ሥር የሚያብጠው የንፍፊት ቲቢ ዋነኛው ነው። አያሳክም፣ አያቃጥልም፤ ቀስ ብሎ ያብጣልና ሰው ወራት ሙሉ ዝም ይለዋል።

ቲ ሴሎቹ ዘግይተውም ቢሆን ሳንባ ሲደርሱ ሁኔታው ይለወጣል። ሲዲ4 የሚባሉት ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይለቃሉ። መልእክቱ የደረሰው ማክሮፌጅ ከቀድሞው ሌላ ይሆናል፤ ባሲሉ ያገደውን አሲድ ይመልሳል፣ የተደበቀበትን ባሲል ከነከረጢቱ ይፈጫል። ቲኤንኤፍ የሚባል ሌላ መልእክት ደግሞ ሴሎቹ ተሰባስበው እንዲቆዩ ያደርጋል። እነዚህ ስሞች ከብደዋቸው ለሚሰሙኝ፣ ስሙን ርሱት፤ ነገሩን ግን በሰው ላይ እንዴት እንዳወቅነው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ያወቅነው ከጎደለባቸው ሰዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የኢንተርፌሮን ጋማን መልእክት የሚቀበለው ክፍል በዘር የጎደለባቸው ሕፃናት ታወቁ። እነዚህ ልጆች በሌላ በሽታ ብዙም አይጠቁም፤ ለሌላው ልጅ ምንም የማይሆነው የቢሲጂ ክትባት ግን ሰውነታቸውን ሁሉ አዳርሶ ይገድላቸዋል። በ2001 ደግሞ ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለመሰል ሕመሞች ቲኤንኤፍን የሚያፍን አዲስ መድኃኒት የወሰዱ 70 ሰዎች በቲቢ መታመማቸው ተዘገበ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቱን በጀመሩ በወራት ውስጥ ነው። ባሲሉ ሳይታወቅ ለዓመታት ተቀምጦ የነበረ ይመስላል፤ ያቆመው መልእክት ሲታፈን ተነሣ። ስለ ኤችአይቪ ግን የውጭ ማስረጃ አያስፈልገንም። ሲዲ4 ሴሎችን የሚያጠፋው ቫይረስ እዚህ ሀገር በተስፋፋበት ዘመን የቲቢ ክፍሎቻችን እንዴት እንደሞሉ ከእናንተ መካከል ዘመድ ያስታመማችሁ ታውቁታላችሁ። ባሲሉ ያለበት ጤነኛ ሰው በዕድሜው ሙሉ የመታመም ዕድሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ኤችአይቪ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው በየዓመቱ ብቻ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ዕድል ነበረበት።

መከላከያ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ይህን ያህል ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው ሌላኛው ጫፍ ነው፤ እሱን ለመረዳት ግራኑሎማን ማየት ያስፈልጋል።

ከአንገት ንፍፊት የተወሰደ ሥጋ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ ክብ ነገሮች ይታያሉ። ዳር ዳሩን ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ የሆኑ ቲ ሴሎች ከበዋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ማክሮፌጆቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው እንደ ሽፋን ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹም ተዋሕደው በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተደረደሩ ብዙ ኒውክሊየስ ያሏቸው ግዙፍ ሴሎች ሆነዋል። መሀሉ ላይ ግን ሴል የለም። ቀለሙ ሮዝ የሆነ፣ ቅርጽ የሌለው የሞተ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ ያንን ንፍፊት በምላጭ ሲከፍተው ከመሀሉ የሚወጣው ነጭ ፍርፋሪ አይብ ይመስላል፤ ያየው ሰው አይረሳውም። ይህ ክብ ነገር ግራኑሎማ ይባላል፤ ባሲሎቹ ያሉት በዚያ ፍርፋሪና በዙሪያው ባሉት ማክሮፌጆች ውስጥ ነው።

ድሮ በመማሪያ መጻሕፍት ግራኑሎማ ባሲሉን አስሮ የያዘ ግንብ ተደርጎ ይሳል ነበር፤ ግንቡ ጠንካራ ከሆነ ሰውየው ጤነኛ፣ ከፈረሰ ሕመምተኛ። እኔም የተማርኩት እንዲያ ነው። በ2014 የታተመ በጦጣዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ይህን ሥዕል አበላሸው። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ግራኑሎማ መነሻ ሲከታተሉ አብዛኛው ግራኑሎማ ከአንድ ባሲል ብቻ የተነሣ ሆኖ አገኙት። ከዚያም በአንድ እንስሳ፣ በአንድ ሳንባ ውስጥ፣ አንዱ ግራኑሎማ ባሲሉን አጥፍቶ ንጹሕ ሲሆን፣ ጥቂት ርቀት ላይ ያለው ጎረቤቱ ባሲል እያራባ ሲሰፋ አዩ። የእንስሳው «አቅም» አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን በየቦታው ይለያያል። እንግዲህ አንድን ሰው «አቅሙ ጠንካራ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ብሎ መፈረጅ ለቲቢ ብዙም ትርጉም የለውም። አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ሚዛኑ ከተዛባ ይበቃል።

የሚዛን ነገር ከተነሣ፣ ኮክን ታላቅ ያደረገውንና ያዋረደውን ታሪክ ላንሣ። በ1890 ለቲቢ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። ከባሲሉ የተጨመቀ ፈሳሽ ነበር፤ ቱበርኩሊን ይባላል። ሕሙማን ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ። መርፌውን ሲወጉ ግን ብዙዎቹን ኃይለኛ ትኩሳት ያዛቸው፣ በሽታው ያለበት ቦታ ሁሉ አበጠ፣ የሞቱም ነበሩ። ፈሳሹ መርዝ ሆኖ አይደለም። የሕሙማኑ ቲ ሴሎች ባሲሉን በደንብ ያውቁት ነበር፤ ብዙ የባሲል ቁራጭ ድንገት ሲያገኙ ሁሉም በአንድነት ተነሡ፤ የተጎዳው ሳንባ ያንን አልቻለም። ለቲቢ ሕሙማን መከላከያውን በመርፌ «ከፍ ማድረግ» ምን እንደሚያስከትል ዓለም ያየው ያኔ ነው።

ፈሳሹ ግን ለሌላ ሥራ ዋለ። ዛሬ ሰው ባሲሉን አግኝቶት ያውቅ እንደሆነ ለማየት ጥቂት ጠብታ ክንድ ላይ በቆዳ ሽፋን መሀል ይወጋል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ባለሙያው ቦታውን በጣት ዳብሶ የደነደነውን ብቻ በማስመሪያ በሚሊሜትር ይለካል። መቅላቱ አይቆጠርም፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከደነደነ ባሲሉን ሰውነት ያውቀዋል ማለት ነው፤ ኤችአይቪ ላለበት ሰው 5 ይበቃል። የሚያስገርመኝ ምርመራው የማይነግረን ነገር ነው። ሰውነት ባሲሉን እንደሚያውቅ ይነግረናል፤ ያሸነፈው ይሁን የሚሸነፍለት ግን አይነግረንም። የደም ምርመራው፣ ማለትም ኢንተርፌሮን ጋማን የሚለካው አዲሱም ዘዴ፣ ከዚህ አያልፍም። ቲ ሴሎችህ ነቅተዋል ማለት ድነሃል ማለት አይደለም።

ባሲሉን ያገኘ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕጣ እንደማይገጥመው የሚያሳየን፣ በሰው ላይ የደረሰ አሳዛኝ አደጋም አለ። ከ1929 መጨረሻ እስከ 1930 መጀመሪያ ድረስ በጀርመን ሉቤክ ከተማ ከ250 በላይ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ቢሲጂ በአፍ ተሰጣቸው። ክትባቱ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲዘጋጅ ከእውነተኛው የሰው ቲቢ ባሲል ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ከ70 በላይ ሕፃናት ሞቱ። አብዛኞቹ የቀሩት ታመው ነበር፤ መድኃኒት ያልነበረበት ዘመን ስለሆነ ያዳናቸው የራሳቸው ሰውነት ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ባሲል በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ተሰጥቶ አንዱ ሲሞት ሌላው ድኖ አደገ። ለምን የሚለው ጥያቄ የዚህን ሙያ ሰዎች እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣል።

አሁን ስለ ሳንባ መቦርቦር። የቆየ የሳንባ ቲቢ ያለበትን ሰው ራጅ ካያችሁ ከላይኛው የሳንባ ክፍል አካባቢ ጥቁር ክብ ቀዳዳ ይታያል። ያንን ቀዳዳ ማን ቆፈረው? ባሲሉ ሥጋ የሚበላ ጥርስ የለውም። የሳንባን ሥጋ የሚበጣጥሱት ኢንዛይሞች ከራሳችን ማክሮፌጆችና ከሌሎች ነጭ የደም ሴሎች የሚለቀቁ ናቸው። ግራኑሎማው መሀሉ ፈሶ ወደ አየር ቧንቧው ሲከፈት አየር ያገኘው ባሲል በሚሊዮን ይራባል፤ በአክታም ይወጣል። የሚያሳስለውም ያው ብግነት ነው። ስለዚህ ባሲሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዲሄድ መከላከያችን ይቆፍርለታል፣ ያሳስልለታል። ሲዲ4 ያለቀበት የኤችአይቪ ሕመምተኛ ይህን ቀዳዳ እምብዛም አይፈጥርም፤ ራጁ ንጹሕ ሊመስል፣ አክታው ላይም ባሲሉ ላይታይ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የታመመው እሱ ሆኖ፣ ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ ግን ያነሰ ነው።

ባሲሉ ይህን «ያውቃል» ብል ስለ ባክቴሪያ እንዲህ አይወራም ትሉኝ ይሆናል። ሆኖም በ2010 የወጣውን ጥናት ስሙ። ጉንፋንና ወባ የመሳሰሉት ከመከላከያችን ለማምለጥ የሚታወቁበትን መልክ በየጊዜው ይቀያይራሉ። ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የቲቢ ባሲሎችን ዘረ መል ሲያነጻጽሩ ቲ ሴሎቻችን የሚለዩበት ክፍል ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሳይለወጥ የኖረ ሆኖ አገኙት። በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ሲኖር መታወቅን አልሸሸም፤ የተጠቀመበት ይመስላል። ከእነዚህ ባሲሎች የዘር ሐረግ አንዱ፣ ሰባተኛው የሚባለው፣ በብዛት የሚገኘው በእኛው ሰሜን ኢትዮጵያ ነው፤ በ2013 የወልድያ አካባቢ ሕሙማን ባሲል ተነብቦ ለዓለም የታወቀው እሱ ነው። እንግዳችን ረጅም ዘመን አብሮን ኖሯል ማለት ነው።

የመከላከያ መብዛት በሕክምና ክፍል ምን እንደሚመስል ሁለት ነገር ልጥቀስ። ኤችአይቪና ቲቢ ያለበት ሰው የኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀምር በሳምንታት ውስጥ አንዳንዴ ትኩሳት ይነሣበታል፣ የጠፋው ንፍፊት መልሶ ያብጣል። «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ የሚያቋርጥ አለ። የሆነው ግን ሲዲ4 ሴሎቹ ተመልሰው ባሲሉን ሲያገኙ ዘመቻ መጀመራቸው ነው። መድኃኒቱ አይቆምም፤ ብግነቱን የሚያበርድ ይጨመርለታል። ሁለተኛው በአንጎል ሽፋን ላይ የሚወጣው ቲቢ ነው። በ2004 በቬትናም 545 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ከፀረ ቲቢው ጋር መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞን፣ የተሰጣቸው ሰዎች ሞት ከ41 በመቶ ወደ 32 በመቶ ወረደ። ባክቴሪያ እየገደለው ላለ ሰው መከላከያውን የምናበርድለት ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። ላሊታ ራማክሪሽናን የምትባል ተመራማሪም በትናንሽ ዓሦች ላይ ቲኤንኤፍ ሲያንስም ሲበዛም ማክሮፌጆቹ ሞተው ባሲሉ እንደሚለቀቅ አሳይታለች። ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ይደርሳል።

ይህን ከያዝን አዲስ ክትባት ማግኘት ለምን እንዲህ እንደከበደ አያስገርምም። ቢሲጂ ሕፃናትን ከአንጎል ሽፋን ቲቢና ሰውነትን ሁሉ ከሚያዳርሰው ቲቢ ይጠብቃል፤ አዋቂን ከሳንባ ቲቢ መጠበቁ ግን አስተማማኝ አይደለም። በ2013 ውጤቱ የወጣው፣ በደቡብ አፍሪካ ሕፃናት ላይ የተሞከረው ኤምቪኤ85ኤ ቲ ሴሎችን አበራክቷል፤ ከበሽታው ግን አላዳነም። ኤም72 የሚባለው ደግሞ ባሲሉ ያለባቸውን አዋቂዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ከመታመም በግማሽ ያህል ጠብቋል፤ በ2024 ሰፊው የመጨረሻ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ ተጀምሯል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በ2020 የታተመው ነው፦ ያው የመቶ ዓመቱ ቢሲጂ በቆዳ ሳይሆን በደም ሥር ሲሰጥ ከ10 ጦጣዎች 9ኙን ጠበቀ። ክትባቱ አልተለወጠም፤ መንገዱና መጠኑ ተለወጠ። ለሰው ገና አይሰጥም፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ታዲያ ምን እንብላ ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ፤ ዝንጅብል ግን አይደለም። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት የተደረገና በ2023 የታተመ ጥናት የቲቢ ሕመምተኛ ላለባቸው ቤተሰቦች ተጨማሪ እህል፣ ጥራጥሬና ቪታሚን ሰጠ። ተጨማሪውን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ከቤተሰቡ አባላት አዲስ የሚታመመው ሰው 40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የጎደለውን መሙላት ይሠራል። የተራበ ሰውነት መከላከያው ከልኩ በታች ነው፤ ወደ ልኩ መመለስ ጥቅም አለው። በልቶ ለጠገበ ሰው ግን ከልክ በላይ የሚያደርሰው ሻይ የለም፤ ቢኖርም ደግ አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ሕሙማን የሚማረሩበት የስድስት ወር ሕክምና ምክንያቱ ያው ግራኑሎማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት ሲዋጥ አየር ያገኘውና በፍጥነት የሚራባው ባሲል ያልቃል። ሳል ይቀንሳል፣ ላቡ ይቆማል፣ ሰውየው ይወፍራል። በዚያ ፍርፋሪ ውስጥ ያለው ግን የደም ሥር አይደርሰውም፤ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ነው የሚሰርገው፤ ባሲሉም ተኝቷል ማለት ይቻላል፣ የተኛ ባሲል ደግሞ ለመድኃኒት አይመችም። የቀሩት አራት ወራት ለእሱ ናቸው። በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም ሰው አልዋሸም፤ ስሜቱ እውነት ነው። የሚያነቃው ግን ያልሞተውን ባሲል ነው፤ መድኃኒቱን ከተላመደ ደግሞ ቀጣዩ ሕክምና ይብስበታል።

ኢትዮጵያን የዓለም የጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ስለዚህ ከእናንተ መካከል ቤቱ ውስጥ ታካሚ ያለበት አይጠፋም። ሕመምተኛው መታከሙ ብቻ አይበቃም። አብረውት የሚኖሩት፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው መታየት አለባቸው። ካልታመሙ ባሲሉ ግራኑሎማ ውስጥ ሳለ የሚያጠፋ መድኃኒት አለ፤ አንደኛው ዓይነት በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት የሚዋጥ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ደግሞ አክታውን ይዞ ይሂድ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ እጅ አያለሁ፤ እንደምገምተው ስለ ፌጦ ነው።